ሳይጀመር የተሰናከለ ሥራ፦ የክላስ መሰናዶና የእክል አያያዝ ታሪክ

በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ሕዝብ ከሚገበያይበት ቀን ነው። እንዲህ ባለ ስም የሚጠሩ ከተሞች በአገሪቱ ብዙ ናቸው፤ ቀኑን የሳተ ሰው ገበያውንም እንደሚስት ስማቸው ራሱ ያስታውሳል። በመሥሪያ ቤቶች ያለው የቀን አቆጣጠርም ከገበያው ያላነሰ ጥብቅ ነው። ጤና ኬላ ለጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑም ለክልል በየወሩ ሪፖርት ያቀርባል። ስንት ሕፃናት ተከተቡ፣ ስንት እናቶች በጤና ተቋም ተገላገሉ፣ የወባ ሕመምተኞች ቁጥር ካለፈው ወር ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለው ሁሉ ትርጉም የሚኖረው ወሩ በትክክል ሲታወቅ ነው። ወሩም ሠላሳ ቀን ያለው የኢትዮጵያ ወር ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይብታል፤ በዓመቱ መጨረሻም አምስት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን አለች። ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ በራሱ አያውቅም፤ ሊነገረው ይገባል። የሚነገረውም የፕሮግራም ባለሙያዎች ክላስ በሚሉት ቅርጽ ተጽፎ ነው።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የመረጃ ሥርዓት፣ ኢትዮጵያን ካሌንደር የሚል ስም የተሰጠው ክላስ አለው። ፕሮግራሙ የተጻፈው ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ ያዘጋጀውም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ትምህርት ክፍል የተሰባሰበው ቡድን ነው። ይህ ክላስ የመጀመሪያዋን ቀን ከማስላቱ በፊት መሰናዳት አለበት፤ መሰናዶውም ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች አንድ ጊዜ እክል ቢያጋጥም ምክንያቱ ለማን ይነገራል? ሥራው እንደገና ይሞከራል ወይስ እስከ መጨረሻው ይዘጋል? ጥያቄው ለላይኛው ተመልካች ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ የፕሮግራም ቋንቋ ሊቃውንትን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል፤ መልሱም ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ክላስ ለአንድ ዓይነት ነገሮች የወጣ ንድፍ ነው። በአማርኛ መደብ ማለት ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን ይህ ቃል በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከፖለቲካው ትግል ጋር እጅግ ተቆራኝቶ ስለ ነበር አንባቢን ወደ ሌላ ጉዳይ ይወስደዋል። በንድፉ መሠረት የሚፈጠሩት ነገሮች ኦብጀክት ይባላሉ። ኦብጀክት መፍጠርና ክላሱን ራሱን ማሰናዳት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ልዩነቱን የቤት እመቤት በቀላሉ ትረዳዋለች፤ አንድ እንጀራ ከምጣዱ ላይ ቢበላሽ ሌላ ይጋገራል፤ እርሾው ከተበላሸ ግን ከዚያ ሊጥ ደህና እንጀራ አይወጣም። በኦብጀክት ላይ የደረሰ እክል ያንኑ ኦብጀክት ብቻ ይጎዳል። በክላስ መሰናዶ ላይ የደረሰ እክል ግን በዚያ ክላስ የሚገለገለውን ሁሉ ይነካል። እክል የተባለውም ባለሙያዎች ኤክሴፕሽን የሚሉት፣ የሥራውን የተለመደ አካሄድ የሚያቋርጥ ያልታሰበ ሁኔታ ነው፤ ለምሳሌ በዜሮ ማካፈል፣ የሌለ ፋይል መክፈት፣ ከተመደበለት ቦታ የሚበልጥ ቁጥር መምጣት።

ክላስ የተወለደው በኦስሎ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ በኖርዌይ የኮምፒዩተር ማዕከል ሲሠሩ በ1967 ይፋ ያደረጉት ሲሙላ 67 የተባለው ቋንቋ፣ ክላስንና ከክላስ የሚወለድ ንዑስ ክላስን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም አስተዋወቀ። ለዚህም ሥራቸው በ2001 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፤ ሁለቱም በተከታዩ ዓመት በ2002 በአንድ የበጋ ወቅት ውስጥ ዐረፉ። በሲሙላ የክላሱ አካል ራሱ የሚፈጸም ትእዛዝ ነበር፤ ኦብጀክት በተፈጠረ ቁጥር አካሉ ይሠራና ኦብጀክቱን ያሰናዳል። እክል ቢያጋጥምስ ለሚለው ጥያቄ ግን ቋንቋው መልስ አልነበረውም፤ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ያበቃል። ኒጎርድ ከዚህ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ ኮምፒዩተር በሠራተኛው ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ወደ ማጥናት አዘነበለ። የዲኤችአይኤስ አዘጋጆች የሚከተሉት፣ ተገልጋዩን በሥርዓቱ ንድፍ የማሳተፍ ወግ ከዚያ ጥናት የመነጨ ነው። በጋይንት ጤና ጣቢያ የሚሞላው ቅጽና ክላስ የሚባለው ሐሳብ ከአንድ ከተማ መገኘታቸው እንግዲህ እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር ብቻ አይደለም።

እክልን በቋንቋ ደረጃ የማስተናገድ ሐሳብ ከሲሙላ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አይቢኤም በ1960ዎቹ አጋማሽ ባወጣው ፒኤል ዋን በተባለው ቋንቋ ታይቶ ነበር። ሥርዓት ይዞ የተመረመረው ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። ጆን ጉድኢናፍ በታኅሣሥ 1975 ባሳተመው ጽሑፍ ጉዳዩን በየፈርጁ ለየ፤ ባርባራ ሊስኮቭና አለን ስናይደር ደግሞ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተሠራው ሲኤልዩ በተባለው ቋንቋ ያለውን አሠራር በ1979 ገለጹ። የሲኤልዩ ሕግ ግልጽ ነበር፦ ማንኛውም የሥራ ክፍል ሊያጋጥሙት የሚችሉትን እክሎች በራስጌው ላይ ያስታውቃል፤ እክሉ በደረሰ ጊዜም ሥራው ይቋረጥና ምክንያቱ በቀጥታ ለጠራው ይነገራል። ያዘዘ ሰው የታዘዘው ለምን እንዳልተፈጸመ ማወቅ አለበት የሚል ነው መሠረቱ። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቋንቋዎች የሚከተሉት ይህንኑ ነው።

ነገር ግን የክላስ መሰናዶ ይህን ሕግ ያናጋዋል፤ መሰናዶውን በግልጽ ያዘዘ የለምና። ስሞልቶክ 80 በተባለው ቋንቋ ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ ክላሱን ተሰናዳ ብሎ ስለሚያዝዝ እክሉም ለእርሱ ይነገር ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ቋንቋዎች ግን መሰናዶው በራሱ የሚነሣ ሆነ፤ ፕሮግራሙ ገና ሳይጀመር ወይም ደግሞ አንድ ሰው ክላሱን መጀመሪያ በነካ ጊዜ። ታዲያ ያላዘዘ ሰው ምክንያቱ ቢነገረው ምን ያደርግበታል?

በአሜሪካ የመከላከያ መሥሪያ ቤት ጠያቂነት ዣን ኢሽቢያ የነደፈው ኤዳ ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠ። ቋንቋው በ1983 ደረጃ ሲወጣለት የተሰጠው ቁጥር 1815 ነበር፤ ይህም ቋንቋው የተሰየመላት የኤዳ ላቭሌስ የልደት ዓመት ነው። በኤዳ አንድ የፕሮግራም ክፍል ከመሠራቱ በፊት መግለጫዎቹ አንድ በአንድ ይሰናዳሉ። በዚህ መካከል እክል ቢነሣ የዚያው ክፍል የእክል ተቀባይ አያገኘውም፤ ምክንያቱም ገና ያልቆመ ቤት ዘበኛ ሊኖረው አይችልም። እክሉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከሁሉ በላይ በሆነው ጥቅል ላይ ከደረሰ ግን ዋናው ፕሮግራም ጨርሶ ሳይጀመር ይቀራል። ጭካኔ የተሞላበት ቢመስልም ሐቀኛ መልስ ነው።

ኤዳ ገና ሳይጸድቅ ነበር እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር በ1980 የቱሪንግ ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ የእክል አያያዙን ጭምር ጠቅሶ ይህ ቋንቋ አስተማማኝነት በሚያስፈልግበት ሥራ ላይ እንዳይውል ያስጠነቀቀው። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ሰኔ 4 ቀን 1996፣ ከፈረንሳይ ጊያና የተተኮሰው አርያን 5 የተባለ ሮኬት ከተነሣ ከ37 ሴኮንድ በኋላ አቅጣጫውን ስቶ ተበታተነ። አራት የምርምር ሳተላይቶችም አብረው ጠፉ። በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው መርማሪ ጓድ በሐምሌ ወር ያወጣው ዘገባ እክሉ የተነሣበትን ቦታ በትክክል አሳይቷል፤ ቦታውም በኤዳ ከተጻፈ የመሰናዶ ሥራ ውስጥ ነበር። የአቅጣጫ መለኪያው ሮኬቱ ከመነሣቱ በፊት ራሱን የሚያስተካክልበት ስሌት ነበረው። ይህ ስሌት ከምድር ለመነሣት ዝግጅት ብቻ የሚጠቅም ሲሆን፣ በቀድሞው አርያን 4 ቆጠራው ለጊዜው ቢቋረጥ እንደ ገና ከመነሻው እንዳይጀመር በማሰብ ሮኬቱ ከተነሣ በኋላም ለ40 ሴኮንድ ያህል እንዲቀጥል ተደርጎ ነበር። አርያን 5 ከቀድሞው ይልቅ በአግድም ፈጣን ነው። በዚህ ምክንያት በ64 ቢት የተጻፈ አስርዮሽ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲለወጥ ከሚችለው በላይ ሆነና እክል ተነሣ። ለዚህ አደጋ ከተጋለጡት ሰባት ቁጥሮች አራቱ ጥበቃ ተደርጎላቸው ሦስቱ የኮምፒዩተሩን ጫና ለመቀነስ ሲባል ያለ ጥበቃ ተትተው ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። መለኪያው ሁለት ነበር፤ አንዱ ሲሰናከል ሌላው እንዲተካ። ሁለቱም ግን አንድ ዓይነት ፕሮግራም ስለ ነበራቸው ተጠባባቂው ቀድሞ ተሰናከለ፣ ዋናውም ከሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተከተለው። እክል ያጋጠመው መለኪያ ምክንያቱን መዝግቦ ሥራውን እንዲያቆም ታዝዞ ነበርና እንደ ታዘዘው አደረገ። ዋናው ኮምፒዩተር ግን የተላከለትን የእክል መግለጫ የበረራ መረጃ መስሎት ሮኬቱን በኀይል አጠማዘዘው። እንግዲህ ምክንያቱ ተነግሯል፤ ነገር ግን ሊረዳው ለማይችል ተነገረ። ይህን አደጋ የሆር ትንቢት ፍጻሜ አድርገው የሚጠቅሱ አሉ፤ ጥፋቱ ግን የቋንቋው አልነበረም። ቋንቋው እክሉን አይቶ አስታውቋል፤ ምን ይደረግ የሚለውን የወሰኑት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም እክል የሚመጣው ከዕቃ መበላሸት ብቻ እንደ ሆነ አስበው ነበር።

ዴንማርካዊው ቢያርነ ስትራውስትሩፕ በ1979 በቤል ቤተ ሙከራ የጀመረውና በ1985 ለገበያ የቀረበው ሲ ፕላስ ፕላስ ሌላ መንገድ ያዘ። እርሱ የሲሙላ ተማሪ ነው፤ ክላስን ከዚያ ወስዶ ኦብጀክት የሚያሰናዳውን ክፍል ኮንስትራክተር ብሎ ለየው። ኮንስትራክተር ምንም ዓይነት መልስ አይመልስም፤ ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲሰናከል የሚናገርበት አፍ አልነበረውም። ባለሙያዎች በኦብጀክቱ ውስጥ ደህና ነው ወይም አይደለም የሚል ምልክት እያስቀመጡ፣ ተጠቃሚውም በየጊዜው ምልክቱን እንዲያይ እየለመኑ ኖሩ። ስትራውስትሩፕና አንድሩ ኬኒግ የእክል አያያዙን ንድፍ በ1990 ባቀረቡ ጊዜ ለዚህ መፍትሔ ተገኘ። በመሰናዳት ላይ ያለ ኦብጀክት እክል ሲያጋጥመው እስከዚያ ድረስ የቆሙት ክፍሎቹ ብቻ በተቃራኒ ቅደም ተከተል ይፈርሳሉ፤ ያልቆመው አይነካም፤ ኦብጀክቱም እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። ግማሽ ቤት የሚባል ነገር አይተርፍም። ይህ ከዘመኑ የቋንቋ ሥራዎች ሁሉ እጅግ የተዋጣለት እንደ ሆነ መመስከር ይገባል።

ለመላው ፕሮግራም የጋራ በሆኑት ነገሮች ላይ ግን ሲ ፕላስ ፕላስ ሁለት ልብ ሆነ። ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚሰናዱት እክል ካጋጠማቸው ፕሮግራሙ ወዲያውኑ ይገደላል። በአንድ የሥራ ክፍል ውስጥ የተቀመጡትና መጀመሪያ ሲደረስባቸው የሚሰናዱት ግን እክል ሲያጋጥማቸው እንዳልተሞከረ ይታሰብና ቀጥሎ የሚመጣው እንደ ገና ይሞክራል። በተለያዩ ፋይሎች ያሉት የጋራ ነገሮች በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰናዱም ቋንቋው አልወሰነም፤ አንዱ ሌላውን ሳይሰናዳ የሚጠቀምበት ስሕተት እስከ ዛሬ ባለሙያዎችን ያስቸግራል።

ጃቫ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጄምስ ጎስሊንግና ባልደረቦቹ በሰን ኩባንያ የሠሩት ይህ ቋንቋ በግንቦት 1995 ይፋ ሆኖ በጥር 1996 የመጀመሪያው እትም ወጣ። ጎስሊንግ፣ ቢል ጆይና ጋይ ስቲል በዚያው ዓመት ባሳተሙት የቋንቋው መግለጫ የክላስ መሰናዶ ደረጃ በደረጃ ተዘርዝሯል። ክላሱ መጀመሪያ በተነካ ጊዜ ይሰናዳል። ጃቫ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ፣ ትሬድ የሚባሉ የሥራ መስመሮች ስላሉት ሁለቱ እኩል ቢደርሱ አንዱ ያሰናዳል፤ ሌላው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። የክላሱም ሁኔታ ከአራት አንዱ ነው፦ ያልተሰናዳ፣ በመሰናዳት ላይ ያለ፣ የተሰናዳ፣ የተበላሸ። ከመጨረሻው መመለሻ የለውም። ፕሮግራሙ ተዘግቶ እስካልተነሣ ድረስ የተበላሸ ክላስ እንደ ተበላሸ ይቀራል።

በቋንቋው ውስጥ እክሎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጠሪው ሊቀበላቸው ግዴታ ያለበትና የሌለበት። ግዴታ ያለበት ዓይነት ከክላስ መሰናዶ እንዳይወጣ ጃቫ ከልክሏል። ምክንያቱም ከላይ የተነገረው ነው፦ መሰናዶውን ያዘዘ የለም፤ ስለዚህ ግዴታውን የሚጥሉበት ሰው የለም። ከዚህ አልፎ የሚወጣው እክል ከ1.1 እትም ጀምሮ ኤክሴፕሽን ኢን ኢኒሻላይዘር ኤረር በተባለ መጠቅለያ ተሸፍኖ፣ ክላሱን መጀመሪያ ለነካው መስመር ይነገራል። በመጠቅለያው ውስጥ እውነተኛው ምክንያት አለ። ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ግን የሚነገራቸው ሌላ ነው፤ ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር፣ ማለትም የክላሱ ፍቺ አልተገኘም።

አንድ የስማዳ ነጋዴ ለገበያ ሲወጣ ወንዝ ሞልቶ ድልድይ ቢወስድበት ተመልሶ ምክንያቱን ለቤቱ ይናገራል። ከኋላው የሚመጡት መቶ ሰዎች ግን መንገድ ላይ አንድ ዘበኛ ቆሞ ገበያ የለም ብቻ ቢላቸው ምን ይላሉ? ገበያው ፈረሰ የሚል አለ፤ ቀኑን ተሳስተናል የሚል አለ፤ ወደ ሌላ ገበያ የሚሄድም አይጠፋም። ስለ ወንዙ የሚያስብ የለም። የጃቫ አሠራር ይህ ነበር። ከዚህም የከፋው ስሙ ነው፤ ክላሱ ተገኝቷል፤ ፋይሉ በቦታው አለ፤ አልተገኘም መባሉ ሐሰት ነው። ባለሙያውም የጠፋ ፋይል ሲፈልግ፣ እትም ሲለዋውጥ፣ እንደ ገና ሲጭን ይውላል።

ክላሱን እስከ መጨረሻው መዝጋት የራሱ ምክንያት አለው። መሰናዶው በመካከሉ ሲቋረጥ ከፊሉ ነገር ተለውጦ ከፊሉ ሳይለወጥ ይቀራል፤ በዚያ ላይ እንደ ገና መጀመር አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ሊሆን ይችላል። መዝጋቱ ስለዚህ ጥንቃቄ ነው። ምክንያቱን መደበቅ ግን ጥንቃቄ አይደለም፤ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ሥሩ ከተቆረጠ በኋላ ነገሩን መመርመር ከባድ ነው።

የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ ያገኘው ጆዳ ታይም በተባለው የጃቫ የቀንና የሰዓት ስብስብ አማካይነት ነው። በስብስቡ ውስጥ ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ የሚባል ክላስ አለ፤ ዐሥራ ሦስቱን ወራት ያውቃል፤ 1 ዓመተ ምሕረት የጀመረው በጁልያን አቆጣጠር ነሐሴ 29 ቀን 8 ዓመት ላይ እንደ ሆነ ይዟል፤ ከዚያ በፊት ያለ ቀን ሲጠየቅም አይቀበልም። የክላሱን ጽሑፍ ከፍቶ ለሚያይ ሰው በአናቱ ላይ ትንሽ ግን ብዙ የሚናገር ነገር ያገኛል። ክላሱ በመሰናዶው ጊዜ ሁለት ነገሮችን ያዘጋጃል፤ አንደኛው የተሠሩ መቁጠሪያዎች የሚቀመጡበት ማከማቻ፣ ሁለተኛው ለዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሆን አንድ መቁጠሪያ ነው። ሁለተኛው ሲሠራ ማከማቻውን ይጠይቃል። በጃቫ መሰናዶው የሚካሄደው ከላይ ወደ ታች በተጻፈበት ቅደም ተከተል ስለ ሆነ፣ መቁጠሪያው ከማከማቻው በላይ ቢጻፍ ገና ያልተፈጠረ ማከማቻ ይጠይቅና እክል ይነሣል፤ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያም በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ለሁልጊዜው ይዘጋል። ጸሐፊው ይህን ስላወቀ መቁጠሪያውን ለብቻው ከታች አድርጎ፣ ከሌሎቹ በኋላ እንዲሰናዳ የሚያሳስብ አንዲት አጭር ማስታወሻ ጽፎበታል። የሁለት መስመር ቦታ መለዋወጥ ጳጉሜንን ሊያጠፋ እንደሚችል የምታስታውቅ ማስታወሻ ናት።

ከዚሁ ስብስብ ሌላው ክላስ፣ የሰዓት ክልልን የሚያውቀው፣ ተቃራኒውን ምርጫ መርጧል። በቀደሙት እትሞች በመሰናዶው ጊዜ የዓለምን የሰዓት ክልሎች ሰንጠረዥ ያነብ ነበር። ሰንጠረዡን ማንበብ ካልቻለ እክሉን ራሱ ይቀበላል፣ ያስታውቃል፣ ከዚያም ያለ ሰንጠረዥ በዓለም አቀፉ ሰዓት ብቻ ሥራውን ይቀጥላል። ክላሱ አይሞትም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ በዚህ ሁኔታ የሚሠራ ኮምፒዩተር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የተወለደውን ሕፃን በዋዜማው ቀን እንደ ተወለደ ሊመዘግበው ይችላል። የሌሊቱ ወሊድ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ከሆነ ሪፖርቱ ራሱ ወደ ሌላ ወር ይዞራል። ከመቆም መሳሳት ይሻላልን? ለአንድ የዜና ሰሌዳ አዎን ሊባል ይችላል፤ ለጤና መዝገብ ግን ቆሞ መናገሩ የሚሻል ይመስላል፤ የቆመ ሥራ ይታያል፣ የተሳሳተ ቀን ግን ማንም ሳያየው ወደ ዞንና ወደ ክልል ይተላለፋል።

በዲኤችአይኤስ 2 ያለው ኢትዮጵያን ካሌንደር በእነዚህ ላይ ተደርቦ የተሠራ ነው። ሲሰናዳ የራሱን አንድ ኦብጀክት ይፈጥራል፤ ያም ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂን ያስነሣል፤ እርሱም የሰዓት ክልሉን። ከሥር ያለው አንዱ እክሉን ሳይቀበል ቢሰናከል በላዩ ያሉት በተራ ይሰናከላሉ፤ ሁሉም የተበላሸ ተብለው ይዘጋሉ። ሰርቨሩ ከተነሣ በኋላ መጀመሪያ የሚደርሰው ጥያቄ ከሞያሌ ይሁን ከሁመራ አይታወቅም፤ እውነተኛው ምክንያት በሥራ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው በዚያ በመጀመሪያው ጥያቄ ሥር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ፣ ከአርብ ገበያም ይሁን ከነፋስ መውጫ፣ የሚጻፈው ክላሱ እንዳልተገኘ ነው። መዝገቡ ሲሞላ የቆየው ክፍል ይጠረጋልና ምክንያቱ የተጻፈበት ገጽ ባለሙያው ከመድረሱ በፊት ሊጠፋ ይችላል። ሪፖርት አልቀበል ያለው የወረዳ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት የሚጠረጥረው መጀመሪያ ኔትዎርኩን፣ ቀጥሎ መብራቱን፣ በመጨረሻም ራሱን ነው። ሪፖርቱ ዘግይቷል ተብሎ በስሙ ይያዝበታል።

ይህ ሁሉ ሌላ መንገድ ስላልነበረ የሆነ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2002 ያወጣው ዶት ኔት የጃቫን አሠራር በአብዛኛው ተከትሎ፣ የተሰናከለ ክላስንም እንደ ጃቫ ይዘጋል። ነገር ግን የመጀመሪያውን እክል ያስቀምጠዋል፤ በኋላ ለሚመጣውም ሁሉ ያንኑ እክል ምክንያቱን በውስጡ እንደ ያዘ ይመልስለታል። ፓይተን ደግሞ የተሰናከለውን ክፍል ከመዝገቡ ይሰርዘዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው እንደ አዲስ ይሞክራል፣ እክሉም ካልተወገደ ራሱ ያየዋል። በሁለቱም ዘንድ ኋላ የመጣ ሰው ፊት ከመጣው ያነሰ አይነገረውም።

ጃቫ ወደዚህ የደረሰው በመስከረም 2021 በወጣው 17ኛ እትም ነው፤ ከመጠቅለያው መምጣት ከሃያ አራት ዓመት በኋላ። ስሙ አልተለወጠም፤ ክላሱ አልተገኘም የሚለው ሐሰት አሁንም በመጀመሪያው መስመር ላይ ይነበባል። ከሥሩ ግን የመጀመሪያው እክል ምን እንደ ነበረ፣ በየትኛው መስመር ላይ እንደ ተነሣ፣ ያየውም ትሬድ ስሙ ማን እንደ ሆነ ተጽፎ ይወጣል። ዲኤችአይኤስ 2 ከ2.41 እትም ጀምሮ ይህን የጃቫ እትም ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ባሉት እትሞች በሚሠሩ ሰርቨሮች ላይ ግን ምክንያቱ የሚገኘው ሰርቨሩ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ መዝገቡን ወደ ኋላ በመግለጥ፣ የመጀመሪያውን መጠቅለያ በመፈለግ ነው።